ቃል ሲሰበር፦ የኤርንስት ያንድል ግጥም በሚዛን

የቪየናው ገጣሚ ኤርንስት ያንድል በ1957 የጻፈውን የአንድ ግጥም ርእስ በእኛ ፊደል ልገለብጥ ስሞክር ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። «ሽትስንግርም» ሆነ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳድስ። አፍ የሚከፈትበት አንድም ቦታ የለውም። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ወታደር ተጠልሎ የሚተኩስበትን ምሽግ የሚጠራ ተራ የጀርመንኛ ቃል ነው። ያንድል አናባቢዎቹን ሁሉ አውጥቶ አጥንቱን ብቻ አስቀረው፤ የቃሉን ጫፍም የቪየና ሰው አጣድፎ ሲናገር እንደሚያደርገው ወደ «ም» አጠፈው። ግጥሙ ከዳር እስከ ዳር የተሠራው ከዚህ ከአንድ ቃል ተነባቢዎች ነው። «ት» ሲደጋገም መትረየስ ይሆናል፤ «ስ» ሲረዝም በራስ ላይ የሚያልፍ አረር ይሆናል፤ «ግር» ከሩቅ እንደሚሰማ መድፍ ያጉረመርማል። መዝጊያው ላይ የሚቀሩትን ጥቂት «ት»ዎች ብዙ አንባቢዎች «ሙት» የሚል ትርጉም ያለው የጀርመንኛ ቃል ቅሪት አድርገው ይሰሟቸዋል። እሱም እንደ ሌላው አናባቢውን ተነጥቋል።

ይህ ግጥም ነው ወይስ ጩኸት? ጥያቄው ያንድልን ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎታል፤ በ2000 ከሞተ በኋላም አልቆመም። በሁለቱም ወገን ያለው ሙግት ክብደት አለው ብዬ አምናለሁና ሁለቱንም አዳክሜ ሳይሆን በሙሉ ጉልበታቸው ላቅርባቸው።

አስቀድሞ ግን ሰውዬው ማን እንደነበረ። ያንድል በ1925 ቪየና ውስጥ ተወለደ። እናቱ ሉዊዘ በ1940፣ እሱ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ሞተች። በ1943 ለጦርነት ተመለመለ፤ በምዕራቡ ግንባር ለአሜሪካውያን እጁን ሰጠ፤ እስከ 1946 ድረስም እንግሊዝ አገር በምርኮኞች ካምፕ ቆየ። ቪየና ሲመለስ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ አጥንቶ፣ በ1950 በአርቱር ሽኒትስለር ልቦለዶች ላይ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት እንጀራው መምህርነት ነበር። በ1954 ከገጣሚዋ ፍሪደሪከ ማይሩከር ጋር ተዋወቀ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በሕይወትም በሥራም አልተለያዩም። «የቪየና ቡድን» ከሚባሉት ከአርትማን፣ ከሩም፣ ከባየር፣ ከአኽላይትነርና ከቪነር ጋር ይቀራረብ ነበር፤ አባላቸው ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ክሱ። በ1957 «ኖየ ቬገ» የተባለ፣ ወጣቶችና ተማሪዎች የሚያነቡት የቪየና መጽሔት የያንድልን የሙከራ ግጥሞች አወጣ። ቁጣው የመጣው በተለይ ከመምህራን ዘንድ ነበር፤ ግጥሞቹን ያስገባው አዘጋጅም ቦታውን አጣ። ለያንድልም በገዛ አገሩ ለዓመታት የኅትመት በር ተዘጋ። «ላውት ኡንት ሉዊዘ» የተባለው ዋና መድበሉ የወጣው ዘግይቶ፣ በ1966፣ በስዊዘርላንዱ ቫልተር አሳታሚ ቤት ነው። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ኅብረ ቃል አለው። «ላውት» ድምፅም ነው፣ ጮክ ያለም ነው፤ «ሉዊዘ» የእናቱ ስም ሲሆን፣ «በቀስታ» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ጋር በድምፅ ይቀራረባል። መጽሐፉ እዚያም ጠብ አስነሣ። ያሳተመው ኦቶ ኤፍ. ቫልተር ከገዛ ቤተሰቡ ድርጅት ለመውጣት ከተገደደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው መድበል ነበር።

እነዚያን መምህራን ለውጥ የማይገባቸው ግትሮች ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ፍትሕ ግን አይሆንም። ጦርነቱ ካበቃ ገና 12 ዓመቱ ነበር፤ የኦስትሪያም ነጻነት ከተመለሰ ገና ሁለት ዓመቱ። ከተማው ፈርሶ እየተሠራ ነው። ልጆቹ ያደጉት ቋንቋ የመፈክርና የትእዛዝ መሣሪያ በነበረበት ዘመን ነው። መምህሩ በዚያ ፍርስራሽ ላይ ቆሞ ለልጆቹ ሊያወርሳቸው የሚፈልገው ያልተበከለውን፣ ሙሉውን፣ የጎተንና የሽቲፍተርን ቋንቋ ነው። «የቀረችንን አንዲት ሙሉ ዕቃ ለምን ትሰብራለህ?» ማለቱ የፈሪ ጥያቄ አይደለም፤ የአደራ ጠባቂ ጥያቄ ነው።

ክሱ በዚህ አያበቃም። ግጥም በአንደበት ብቻ ሳይሆን በልብም የሚያዝ ነገር ነው፤ ሰው በኀዘኑም በደስታውም የሚደግመው ስንኝ ይፈልጋል። «ት» እና «ስ» ብቻ ያለውን ማን በልቡ ይዞ ይኖራል? ደግሞም ድምፅ ላይ የቆመ ግጥም የደራሲውን ጎሮሮ ይጠይቃል። ያንድል መድረክ ላይ ሲያነብ የሰሙት ሁሉ የሚመሰክሩለት ድንቅ አንባቢ ነበር። ታዲያ ያ ድምፅ በሌለበት ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? እነዚህ ሁሉ መልስ የሚገባቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ወደ መከላከያው ስንዞር፣ ከሁሉ የሚጠነክረው ምስክር አንድ አደባባይ ነው። ማርች 15 ቀን 1938 ሂትለር በቪየና የጀግኖች አደባባይ፣ በቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ ኦስትሪያ ወደ ጀርመን ራይሽ መግባቷን አወጀ። ከታች ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዝብ እልል ይል ነበር። ያንድል ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ እሱም ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ነበር። ያን ቀን በ1962 ግጥም አደረገው።

በዚያ ግጥም ሂትለር በስሙ አይጠራም። የዓረፍተ ነገሩ አወቃቀር ጤነኛ ነው፤ ባለቤቱም ግሡም ተሳቢውም በየቦታቸው ተቀምጠዋል። በየቦታው የተቀመጡት ቃላት ግን በመዝገበ ቃላት የሉም። ከአደን፣ ከጸሎትና ከሥጋ ፍትወት ቃላት ተቆርጠው የተዳቀሉ ናቸው። ሰገነት ላይ ያለውን ተናጋሪ የሚጠራበት አንዱ ቃል አምላክን ከአውራ ፍየል ጋር ያጋባ ነው። አንባቢው እያንዳንዱን ቃል ሳያውቀው ሁሉም ይገባዋል፦ ግፊያው፣ ላቡ፣ ስግደቱ፣ ሰው እንደ መንጋ የሚሞቅበት ትኩሳት።

እስቲ ያንኑ ቀን በደህና ጀርመንኛ እንጻፈው። «ብዙ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ በደስታ ተቀበለው።» ስሕተት የለበትም። ሰዋስው ተጠብቋል። ግን ውሸት ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሆነውን ነገር በሥርዓት ለብሶ እንዲያልፍ ያደርገዋል። በእነዚያ ዓመታት ሰዎችን ለሞት አሳልፈው የሰጡት ደብዳቤዎችም በትክክለኛ ሰዋስው የተጻፉ ነበሩ። የያንድል ጠበቆች የሚሉት ይህን ነው። ቋንቋው ሳይሰበር በፊት ውስጡ ተሰብሮ ነበር፤ ገጣሚው የሠራው ስብራቱ እንዲታይ ማድረግ ብቻ ነው። ሐኪም ያበጠውን ቢከፍት ያቆሰለው እሱ አይባልም።

ሌላም ምስክር አለ፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚነካኝ እሱ ነው። ያንድልና ማይሩከር በ1968 ለራዲዮ አንድ ድራማ አብረው ጻፉ፤ አምስት ወንዶችን ከወሊድ ክፍል ጀምሮ በትምህርት ቤት፣ በጦር ሰፈርና በጦር ሜዳ አድርጎ የሚከተል፣ በቃል ፍንጣሪና በድምፅ ብቻ የሚሄድ አጭር ሥራ ነው። በተከታዩ ዓመት ለዚህ ሥራ የተሰጣቸው ሽልማት በጦርነቱ ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች ማኅበር በየዓመቱ ለምርጥ የራዲዮ ድራማ ይሰጠው የነበረው ነው። በዳኞቹም መካከል በጦርነት የታወሩ ሰዎች ይቀመጡ ነበር። በያንድል ላይ የሚነሣውን «በሰው ሥቃይ ይጫወታል» የሚል ክስ ለመመዘን ከእነሱ የተሻለ ጆሮ የነበረው ማን ነው?

ይሁን እንጂ አንድ ጥሩ ምስክር ሁሉን ክስ አይዘጋም። ከባዱ ክስ የሚመጣው ከዝናው በኩል ነው።

ጁን 11 ቀን 1965 በለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ትልቅ የግጥም ምሽት ተዘጋጀ። አለን ጊንስበርግን የመሰሉ ስመ ጥር ገጣሚዎች በተሰበሰቡበት፣ ሰባት ሺህ ያህል ሰው በታደመበት በዚያ ምሽት፣ መነጽር ያደረገው የቪየና መምህር ወጥቶ የድምፅ ግጥሞቹን አነበበ። ሕዝቡ ዝም ብሎ አላዳመጠም። ሳቀ፣ ጮኸ፣ ድምፁን እየተቀበለ አስተጋባ። የምሽቱ ትዝታ ሲነሣ ስሙ ከማይቀሩት አንዱ ያንድል ነው።

እዚህ ላይ አጥብቆ የሚያስብ አንባቢ ይቸገራል። የአንድን ድምፅ ጩኸት ተከትሎ ሲያገሳ ባየው ሕዝብ ላይ ያን የመሰለ ግጥም የጻፈ ሰው፣ አሁን ራሱ በድምፁ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያስጮኻል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ሳቁስ ስለ ምሽግ የተጻፈውን ግጥም እንደ ቀልድ አያስቀርም? በሌላ በኩል ግን፣ የአደባባዩ ድምፅ ሰውን የጠየቀው እንዲያምንና እንዲታዘዝ ነበር፤ የአዳራሹ ድምፅ የጠየቀው እንዲሰማ ብቻ ነው። ትርጉም የሌለውን ቃል ተከትሎ የሚዘምት የለም። አብሮ የጮኸው ሰው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ ብቻውን ሰውን ምን ያህል እንደሚገፋው በገዛ ደረቱ ተረድቶ ወጥቷል። ይህን መልስ እቀበለዋለሁ፤ ግን በሙሉ ልብ አይደለም። ሳቅ ያቀልላል፤ የቀለለው ነገር መልሶ እንዲከብድ ማድረግ ደግሞ ከባድ ነው።

ለዚህ ማሳያው በ1963 የጻፈው፣ ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው የኦቶ ውሻ ግጥም ነው። ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው ትንሽ ውሻ ያስቸግራል፤ ጌታው ኦቶ ያባርረዋል፤ ከዚያ ይናፍቀውና ይጠራዋል፤ ውሻው ተመልሶ መጥቶ ያስመልሳል። ግጥሙ በሙሉ ከ«ኦ» በቀር ሌላ አናባቢ የለውም። የጀርመንኛ ተናጋሪ ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል፤ በሌላ አናባቢም የራሳቸውን ይሠራሉ። ተቺው «ይኸው፣ አብዮተኛው የልጆች መጫወቻ ሆነ» ይላል። ደጋፊው ደግሞ «ግጥምን ፈርቶ ያደገ ትውልድ በዚህ ግጥም ታረቀ» ይላል።

እኔ ይህን ግጥም በአማርኛ ለማሰብ ሞክሬ ነበር። ቃሉን ልተርጉም ብል ይጠፋል፤ «ውሻ» ውስጥ «ኦ» የለም። ሕጉን ይዤ ስነሣ ግን ሌላ በር ተከፈተ። በሳብዕ ብቻ የሚሄዱ ቃላት ስፈልግ «ዶሮ» መጣች፣ ከዚያ «ቆሎ»፣ ከዚያ «ጎሮሮ»። ሦስቱን ቃላት ጎን ለጎን ሳስቀምጥ አንድ ታሪክ ራሱን ማውራት ጀመረ፤ ዶሮዋም ቆሎውም ያነቃትም ነገር ታየኝ። ስለዚህ በያንድል ላይ የሚነሣው ሌላው ክስ፣ «አይተረጎምም» የሚለው፣ ግማሽ እውነት ነው። የያንድል ቃል አይሻገርም፤ ሥራው ግን ይሻገራል፤ ልክ ቅኔ አዋቂ ለተማሪው ቅኔውን ሳይሆን የቅኔውን መንገድ እንደሚያወርሰው። በቅኔና በያንድል መካከል ግን ትልቅ ልዩነት እንዳለ መካድ አይገባም። ቅኔ ወርቁን የሚሸሽገው በሙሉ ቃል ውስጥ ነው፤ ሰሙ ሳይሰነጠቅ ይቀልጣል። ያንድል ቃሉን ራሱን ይሰነጥቀዋል።

ሌላው ክርክር ስለ ኋለኛው ዘመን ሥራው ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ያንድል የቃል ጨዋታውን እየቀነሰ፣ «የወደቀ ቋንቋ» በሚለው ዓይነት መጻፍ ጀመረ። ግሥ አይረባም፤ የስም ጾታና ሙያ ይዘበራረቃሉ፤ አነጋገሩ ገና ጀርመንኛ ያልለመደ የውጭ አገር ሠራተኛ ይመስላል። ከእኛም መካከል ጀርመን ወይም ኦስትሪያ ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የኖረ ሰው ያን ጀርመንኛ ያውቀዋል። ለመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ጉዳዩን ለማስረዳት ሲሞክር፣ ሙሉ ሰው ሆኖ ሳለ በግማሽ ቃል መቅረቡን ያስታውሳል። ታዲያ ዶክተር የሆነ የቪየና ተወላጅ ያን ስብራት እንደ ልብስ ቢለብሰው ድፍረት አይሆንም? የስደተኛው ችግር ለባለአገሩ የሥነ ጽሑፍ ቅመም አይሆንም?

ክሱ ቀላል አይደለም። የሚያለዝበው አንድ ነገር አለ፦ ያንድል ያን ቋንቋ ተጠቅሞ በስደተኛው አላፌዘም፤ ስለ ስደተኛውም አልጻፈም። የጻፈው ስለ ራሱ ነው፦ ስለ እርጅናው፣ ስለ ተስፋ መቁረጡ፣ ገጣሚ ሆኖ ቃል ስለሚያጥረው ሰው። ቋንቋ የተሟላለት ሰው የሚናገረው ነገር ሲያቅተው፣ ቋንቋ ያልተሟላለትን ሰው ዓረፍተ ነገር ተዋሰ። ያ መዋስ አክብሮት ነው ብዬ ልደመድም አልችልም፤ ንቀት እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። በገዛ ዓረፍተ ነገሩ የሚያዋርደው ራሱን ነውና።

«ሙሉውን ቋንቋ ስለማይችል ነው የሰበረው» የሚለው ሐሜት ግን ከሚዛኑ መውጣት አለበት። በ1956 የወጣችው የመጀመሪያ መድበሉ ቃሉ ያልተነካ፣ ሁሉም የሚያነበው ዓይነት ግጥም ነበረች። በ1979 ለመድረክ የበቃው «አውስ ደር ፍረምደ» የተባለው ተውኔቱ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ እንኳ «እኔ» አይሉም፤ «እሱ እንዲህ ቢያደርግ»፣ «እሷ እንዲህ ብትል» እያሉ በሦስተኛ መደብ፣ ሌላው የተናገረውን በሚያስተላልፍ የግሥ አረባብ ነው የሚነጋገሩት። ምሳ የሚበሉ፣ መድኃኒት የሚውጡ፣ መጻፍ ያቃታቸው ሰዎች የገዛ ኑሯቸውን እንደ ወሬ ይሰሙታል። ይህን ለመሥራት ሰዋስውን እስከ ጥጉ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1984 የጀርመንኛ ሥነ ጽሑፍ ትልቁ ክብር የሆነውን የጌኦርግ ቡሽነር ሽልማት ሲቀበል፣ ያቺው በ1957 ያፈረችበት አገር ከፍተኛውን የመንግሥት ሽልማቷን በዚያው ዓመት ሰጠችው። ሽልማት ግን ክርክርን አይፈርድም፤ ዘመን መለወጡን ብቻ ይናገራል።

እንግዲህ ሚዛኑ ወዴት ያጋድላል? የምመዝንበት ድንጋይ አንድ ነው፤ ሳቁ ካለፈ በኋላ፣ ቃሉ በመሰበሩ የተገኘው ነገር ቃሉ ሙሉ ቢሆን ይገኝ ነበር ወይ? በዚህ ስንመዝነው የያንድል ሥራ ሁሉ እኩል አይወጣም። ብልሃቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያልቁ ግጥሞች አሉት፤ ለእነዚህ የተቺዎቹ ቃል ልክ ነው፣ በጎበዝ አንባቢ ድምፅ ለአንድ ምሽት የሚያበሩ ናቸው። የኦቶ ውሻ ከዚህ በላይ ነው፤ ግን ትልቅነቱ የመጫወት ትልቅነት ነው፤ ያንን ማክበር እንጂ ሌላ ሸክም መጫን አያስፈልግም። የጀግኖች አደባባዩ ግጥምና «ሽትስንግርም» ግን ድንጋዩን ያነሡታል። እነዚያን ሁለቱን ሙሉ ቃል ሊሠራቸው አይችልም ነበር።

ለዚህ ፍርድ ያደረሰኝ ደግሞ የገዛ ቋንቋዬ ነው። ያን ሁሉ ሳድስ ርእስ ከጻፍሁ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስብ፣ አማርኛ ነገር ሲፈርስ የሚለው ትዝ አለኝ። ግንቡ ፍርክስክስ አለ። ብርጭቆው ድቅቅ አለ። ሰዉ ብትንትን አለ። መብራቱ ድርግም፣ ቤቱ ጭልም፣ እናት እርር ድብን አለች። ሁሉም ሳድስ። «ፈረሰ» ስንል ከሩቅ ሆነን ስለ ፍርስራሹ እናወራለን፤ «ፍርክስክስ» ስንል ግን ቃሉ ራሱ አፋችን ውስጥ ይፈርሳል። ይህን ያደረገው አንድም የቪየና ገጣሚ አይደለም። አንደበታችን፣ አንዳንድ ነገር በተከፈተ አናባቢ እንደማይነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቅ ነበር።

እነዚያ መምህራን ሙሉውን ቋንቋ ለልጆቻቸው ለማውረስ መሻታቸው ልክ ነበር። የተሳሳቱት የሙሉው ቋንቋ አካል ከሆኑት መካከል ስብራቱም እንዳለበት ስላላዩ ነው። ያንድልም ከመምህራኑ አንዱ ነበር፤ ጠዋት ክፍል ገብቶ ሰዋስው ያስተምር ነበር። በወጣትነቱ በዚያ ቋንቋ እየታዘዘ ወደ ጦር ግንባር የተላከ ሰው፣ የምሽግን ነገር ሲጽፍ አፍ ከፍቶ የሚነገር ቃል አላገኘለትም። ከንፈሩን ገጥሞ «ም» አለ፤ እኔም ግጥሙን ጮክ ብዬ በፊደላችን ሳነብበው አፌ እዚያው ላይ ይዘጋል።